ቅቤ ያወጣው ፓምፕ

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ ለነፃነት ሞላልኝ፣ ጀርመን አገር፤

የቦሩ ሜዳ ብርድ ያልበገረሽን ሰው የጀርመን ብርድ እንዳይበግርሽ እየለመንኩ፣ ሰላምታዬ በሐረጎ ቁልቁለት ፍሬን እንደበጠሰ አይሱዙ በርሮ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ባጃጄም ደህና ናት፤ የኋላ ጎማዋ ብቻ ትንሽ አሟታል፣ ዱዓ አድርጊላት።

በስልክ ስናወራ መስመሩ ግማሹን ቀልዴን እየበላ ስላስቸገረ፣ እንዳልሽው በወረቀት ጽፌ መሕሙድ ሱቅ በር ላይ ዋይፋይ እየለመንኩ ፎቶውን ልኬልሻለሁ። በጽሕፈቴ እንዳትስቂ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርትን እኔ አልተውኩትም፤ እሱ ነው የተወኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። «ማክሰኞ ማክሰኞ በጠዋት ቄራ ሄጄ የላም ደም እቀዳለሁ፤ ከዚያ ቤተ ሙከራ ወስጄ በማሽን ሳዞረው እውላለሁ» አላልሽኝም? እታለሜ፣ የቄስ ልጅ! ሁለት ጊዜ የተመረቅሽው ለዚህ ነው? ይሄንንማ ደሴ ፒያሳ ያለው ሉካንዳ ያለ ዲግሪም ይቀጥርሽ ነበር!

ባለፈው እሑድ ቦሩ ሜዳ ወጥቼ ሰንበቴው ላይ ይቺን ወሬ ለቀቅኳት። ጠላው ገና አንድ ዙር አልዞረም። ሳቁ አይወራልሽ! አያ ጋሹ እስኪያስለው ሳቀ። ቄስ አባትሽም ነበሩ። እሳቸው… ነበሩ።

በይ እንግዲህ፣ ነጭ ስኒከር፣ ቁጥር 41። እንዳትረሺ።

ወንድምሽ (እናቴ የአባትሽ የአክስት ልጅ መሆኗን እንዳትክጂ) ሰማኸኝ


አኸን፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኮምቦልቻ ትራፊክ ፖሊስ ሁሉ መከራ ለሆንከው ለወንድሜ ለሰማኸኝ፤

ሰላምታህ ፍሬኑን እንደበጠሰ ደርሶኛል። አንተንም ጎማህንም እግዚአብሔር ይማርልኝ።

የማታውቀውን ነገር መሳቂያ አታድርገው፤ ልንገርህ። ልባቸው ደም መግፋት ያቃተው ሰዎች አሉ። ለእነሱ ደረት ውስጥ ገብቶ ልባቸውን የሚያግዝ፣ ከቡጢህ የማይበልጥ ፓምፕ ይሠራል። ማሠራቱ ቀላል ነው፤ ደሙን ሳይጎዱ ማሠራት ነው ጭንቁ። ሐረጎን አስብ። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲከንፍ ተሳፋሪው እርስ በርሱ ይላተማል፣ የተጫነው እንቁላል ይሰበራል። ደም ውስጥ ያሉት ቀያይ ሕዋሳትም ፓምፑ ሲያጣድፋቸው እንደዚያ ይፈነዳሉ። እሺ ቀስ ይበል ስትል ደግሞ ጥግ ላይ ይቆማል። መኪና የቆመበት ኩርባ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ፦ አንዱ ቆሎ ሊሸጥ ይመጣል፣ አንዱ ከረዳቱ ይጣላል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ይገተራል። ደም የቆመበት ቦታም ይረጋል። የረጋችው ቁራጭ ተነቅላ ጭንቅላት ከደረሰች ሰውየው አለቀለት። የእኔ ሥራ በሁለቱ መሃል መንገድ ማበጀት ነው፤ የሚሽከረከረው ክንፍ ከግድግዳው ምን ያህል ይራቅ፣ የቱ ጥግ ይክበብ፣ የቱ ይጥበብ።

ሦስት ፓምፕ ሠርቼ ሦስቱንም ጥያለሁ። አራተኛው ግን ተስፋ አለው። ቀኑን ሙሉ ደም አዙሬበት ናሙናውን ሳዘቅጠው፣ ከላይ የቀረው ውሃ ጥርት ያለ ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ሕዋሳቱ ቢሰባበሩ ኖሮ ይቀላ ነበር። ለብቻዬ እልል ብል የሥራ ባልደረባዬ «አሞሻል?» አለኝ።

የካቲት ላይ በበግ ደረት ውስጥ ይሞከራል። ከዚያ በፊት የአባቴን ምርቃት እፈልጋለሁ። ከአገሬ ያለ ምርቃት አልወጣሁም፤ ይሄንንም ያለ ምርቃት አልጀምርም። ጽፌላቸው መልስ የለም። እስቲ ጠይቅልኝ።

ስኒከሩን አያለሁ። ቁጥርህ ግን አሁንም 41 ነው ወይስ እንደ ምላስህ ረዝሟል?

እህትህ ነፃነት


ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ፣ ለበግ ልብ ጠጋኟ፤

ከወገብሽም ከጉልበትሽም ሳይጎድልብሽ ይህች ወረቀት ታግኝሽ።

መዘግየቴን ይቅር በይኝ። ቄስ አባትሽን ለመጠየቅ ሄጄ ነበር፤ ጉንፋን ይዟቸው አገኘኋቸው። ከዚያ ጾሙ ጠናባቸው። ከዚያ ደግሞ መነጽራቸው አንድ ጆሮው ተሰበረ። በጾም የቆየ ምርቃት ይጠነክራል ብለው ይሆናል እንጂ ሌላ ምንም የለም። ምንም።

በጉ ግን ለፋሲካ ይደርሳል? አያ ጋሹ «ደረቱ ውስጥ ፕላስቲክ ያለበት በግ ሲበላ ጥርስ አይሰብርም ወይ?» ብሎ እንድጠይቅሽ ልኮኛል።

ስኒከሩን ተዪው። ጫማ አለኝ።

ሰማኸኝ


አኸን፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰማኸኝ፤

ሰላም ነህ? አንተ ጫማ ተዪው ካልክ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ሦስት ምክንያት የሚደረድር ሰው አንድ እውነት ይዟል። እናቴ ትናንት ደውላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ ሥራሽ ንጹሕ ነው?» አለችኝ። ምን ማለት ነው? አባቴን አቅርቢልኝ ስላት «ወጥተዋል» አለች። ከኋላዋ ሲያስሉ ይሰማኝ ነበር።

ቀልዱን ትተህ ጻፍልኝ።

ነፃነት


ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ፤

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ የሚያኮራ ፊት የለኝም።

ያቺ የሰንበቴ ቀልዴ እግር አወጣች። አያ ጋሹ ይዟት ደሴ ገበያ ወረደ፤ ከደሴ ቢስቲማ ሄደች። ከዚህ ስትነሳ ቀልድ ነበረች፤ ስትመለስ «የቄስ ሞላልኝ ልጅ ጀርመን አገር አራጅ ሆናለች» ሆና ተመለሰች። እኛ አገር ሴት ዶሮ እንኳ አታርድም፤ ዶሮዋን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ወንድ አላፊ ትጠብቃለች። አንቺን ግን ቢስቲማ ላይ ስምንት በሬ አሳርደውሻል።

አባትሽ ግን የማረዱ ወሬ አይደለም የከበዳቸው። «ደም ነፍስ ነው። መሬት ላይ ይፈሳል እንጂ በዕቃ ተጠራቅሞ መጫወቻ አይሆንም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስምሽን አላነሡም። ሰው ስለ አንቺ ሲጠይቃቸው «እግዜር ያውቃል» ብለው ወሬ ይለውጣሉ።

ሄጄ «አባቴ፣ ቀልዴን ነው» አልኳቸው። «ውሸት ነበር ማለትህ ነው?» አሉኝ። ውሸት አይደለማ! በሕይወቴ አንድ ቀን እውነት ብናገር ይኸው ጉድ አፈላ። ላስረዳቸው ብዬ ሐረጎን፣ ሚኒባሱን፣ እንቁላሉን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። ሰምተው ሰምተው «ደግሞ ሾፌርም ናት?» አሉ።

እታለሜ፣ በአፍ አልሆነም። ፓምፑን ላኪልኝ። እነዚህ ሰዎች በዓይናቸው ካላዩ ቶማስን ያስንቃሉ።

ሰማኸኝ፣ ምላሱ ይቆረጥ


አኸን፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰማኸኝ፤

እንኳን ለልደቱ አደረሰህ። ምላስህ አይቆረጥ፤ እግዜር ያሳጥረው እንጂ።

ተቆጥቼ ነበር። ከዚያ ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው የዋሸኸው ነገር አጣሁበት፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። እኔ ምንም አላርድም። ቄራው ለሥጋ ካረደው፣ ወደ ፍሳሽ ይሄድ የነበረውን ደም ነው የምወስደው።

አራተኛውን ፓምፕ መላክ አልችልም፤ ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው። ከጣልኳቸው ውስጥ ሦስተኛውን ልኬልሃለሁ። እዚህ ያለው የመሕሙድ ወንድም ዘካሪያ በጥምቀት ሰሞን ለእረፍት ወደዚያ ስለሚመጣ እሱ ያደርስልሃል። ከብርሌ የጠራ ፕላስቲክ ነው፣ ውስጡ ይታያል። ግን ክፉ ነው። ክንፉን ለግድግዳው በጣም አስጠግቼው ነበር፤ የነካውን ሁሉ ይፈጫል። ስለዚህ በውሃ ብቻ አዙረው። በውሃ ብቻ!

አንድ ነገር እወቅ። ሥራው ላይ የምጠራው ነፃነት ሞላልኝ ተብዬ ነው። አባቴ ርኩስ ያሉትን ነገር በስማቸው እየተጠራሁ ሕይወት ያለው ፍጥረት ደረት ውስጥ አልከትም። ቃላቸው እስከ ጥር መጨረሻ ካልደረሰኝ ሥራውን ለባልደረባዬ አስረክቤ ስሜን አወጣለሁ። ለፕሮፌሰሩም ነግሬያቸዋለሁ። አልገባቸውም። አንተ ግን ይገባሃል።

በጉ መጥቷል። ስሙን ሰማኸኝ ብዬዋለሁ። ዝም ብሎ መቆም አያውቅም፣ ያገኘውን ያላምጣል፣ ቁም ነገር ሲነገረው ያስነጥሳል።

እህትህ ነፃነት


ቦሩ ሜዳ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ፤

የቦሩ ሜዳ ሰው ሁሉ ከሽማግሌው እስከ አራሷ ሰላም ይልሻል። ለምን እንደሚልሽ ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ፓምፑ ደረሰኝ። የሰው ልብ በካልሲ ጠቅልለሽ መላክሽን የጀርመን መንግሥት ያውቃል? ትናንት ከቅዳሴ በኋላ የባጃጄን ባትሪ ተሸክሜ ሰንበቴው ላይ ገባሁ። ባልዲውን፣ ቱቦውን፣ ፓምፑን ገጠምኩ። አባትሽ ዳር ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው ተቀምጠዋል።

በውሃ አስነሣሁት። ዝዝዝ አለ። ውሃው ከባልዲው ወጥቶ ተመልሶ ባልዲው ገባ። ሰዉም አየው።

«ይኸው ነው?» አለ አያ ጋሹ። «ይሄማ የመስኖ ሞተር ግልገል ነው። የኛዋ እንኳ ጎመን ታጠጣለች።»

«ልብ ነው እኮ!» ስለው፣ «እንግዲያስ ልቡ የታመመ ሁሉ ባጃጅ ይግዛ!» ብሎ አሳቀብኝ። የኔን እንጀራ ቀማኝ እኮ!

ያን ጊዜ እናትሽ እትዬ አረጋሽ ተነሡ። «ውሃ ምን ይናገራል? ቢደበድቡትም ውሃ፣ ቢያባብሉትም ውሃ ነው። እርጎ ግን የደረሰበትን ይናገራል» ብለው ለመናጥ ያዘጋጁትን እርጎ ከነቅሉ አመጡ። በውሃ ብቻ ብለሽኛል፣ አልረሳሁም። ግን እናትሽን እምቢ ማለት እንዴት እንደሆነ ከቻልሽ አንቺ አሳዪኝ።

እርጎውን ባልዲው ውስጥ ገለበጡት፤ አስነሣሁት። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ዞሮ፣ ሰው ነገሩን ረስቶ ስለ ድንች ዋጋ ማውራት ሲጀምር ድምፁ ተለወጠ። ዝዝዝ ይል የነበረው ክርርር አለ። ከዚያ ቀጥ አለ። ሄጄ ባየው የቱቦውን አፍ ቢጫ ነገር ወትፎታል። እትዬ አረጋሽ በጣታቸው ጫፍ ነክተው ቀመሱት።

«ቅቤ!» አሉ።

እልልታው ተራራውን አናጋው! «ነፃነት መናጫ ሠራች!» «ከእንግዲህ ቅል ሲወዘውዙ መዋል ቀረ!» «እኔን አስቀድሙኝ፣ የወገብ በሽተኛ ነኝ!» አያ ጋሹም ደረቱን ነፍቶ «ድሮስ አላልኩም? ይቺ ልጅ አገር ታኮራለች» አይል መሰለሽ! ያ ቢስቲማ ድረስ አራጅ ያደረገሽ ሰውዬ! እኔም ልክደው አልችልም፣ ወረፋ ማስያዝ ጀምሬ ነበር። ሰው ደስ ብሎታል፤ ስምሽ ተነሥቷል። መናጫ ከሆነ መናጫ ይሁን ብዬ ልተወው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

አባትሽ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ጎንበስ ብለው በዚያ በጠራ ፕላስቲክ ውስጥ የተወተፈውን አዩ።

«ደምንም እንዲህ ያደርገዋል?»

«አዎ አባቴ፣ ይሄኛው። ይሰባብረዋል፣ ያረጋዋል። ለዚህ ነው የጣለችው።»

«እንዲህ እንደሚያደርግ በምን አወቀች?»

«ከቄራ ባመጣችው ደም ሞክራ።»

«ባትሞክርስ?»

ዝም አልኩ። አስቢው፣ እኔ!

«ባትሞክርስ ኖሮ ነው ያልኩህ!»

«ሰው ደረት ውስጥ ይገባ ነበራ፣ አባቴ።»

ቀና አሉ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ልጄ መናጫ አልሠራችም» አሉ። «ልጄ እንዲህ የማያደርገውን ነው የምትሠራው። እኔ ደም ነፍስ ነው ብዬ ተቀይሜያት ነበር። ለካ እሷም ደም ነፍስ ነው ብላ ነው ቄራ የምትመላለሰው። የጠየቃችሁ ካለ፣ አዎ፣ ትሄዳለች በሉ። የማን ልጅ ናት ካሏችሁ ደግሞ የሞላልኝ ናት በሉ። ጋሹ፣ አንተ ደግሞ ቢስቲማ ድረስ እግርህ ስለሚያውቀው፣ ይሄንንም አድርስ።»

«እ…ሺ፣ ቄስ» አለ አያ ጋሹ። እንዲህ አጭር ንግግር ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ከዚያ አስቀምጠው አጻፉኝ። «ከራስህ አንዲት ቃል እንዳትጨምር» አሉኝ። ይኸው፦

«ልጄ ነፃነት። ቃልሽን ሳልጠይቅ የሰው ቃል ሰምቼ ዘጋሁሽ፤ አጥፍቻለሁ። እጅሽ የነካው ይባረክ። የሠራሽው ደሙን አያንገላታው፣ አያስቁመው። በጉን ስትይዢው በርኅራኄ ያዢው፤ እሱም ነፍስ አለው። ደሙንም ስትጨርሺ እንደ ቆሻሻ አትጣዪው። ለማታውቂው ሰው ደረት እንዲህ የምትጨነቂ ከሆነ፣ ያ ሰው ባለበት ሁሉ ምርቃቱ ይድረስሽ። ስሜን ከሥራሽ ላይ እንዳታወጪው። አባትሽ ሞላልኝ።»

አንዲት ቃል አልጨመርኩም፤ እሳቸውም ሦስት ጊዜ አስነብበው አረጋግጠዋል።

ፓምፑን ግን እትዬ አረጋሽ አልመልስም ብለዋል። ተቆጪያቸው፣ እኔ የለሁበትም። ዛሬ ጠዋት ባትሪዬንም እያዩት ነበር።

ሰማኸኝ (ባለ ሁለት እግሩ)


አኸን፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለቄስ ሞላልኝ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። እርስዎም እናቴም በጤና እንድታገኙኝ፣ እኔም በጤና እንዳገኛችሁ ምኞቴ ነው። ይህን ሰማኸኝ ያነብልዎታል፤ ከራሱ ከጨመረ ድምፁ ስለሚቀጥን ያውቁበታል።

ቃልዎ በደረሰኝ ማግስት ሥራውን ጀመርን። ፓምፑ በበጉ ደረት ውስጥ ሁለት ወር ያህል ሳያቋርጥ ሠራ። በጉ በልቷል፣ ተኝቷል፣ በር ረግጦ ሰብሯል። በየሳምንቱ ደሙን አዝቅጬ ስመረምር፣ ከላይ የሚቀረው ውሃ አንድም ቀን አልቀላብኝም።

ባለፈው ሳምንት ሙከራው አበቃ። በጉን ሕመም ሳይሰማው አሳረፍነው፤ እንዳሉኝ አጠገቡ ነበርኩ። ከዚያ ፓምፑን ከፈትነው። ሦስተኛውን ፓምፕ የገደለብኝ ክንፉ ሥር ያለው ጠባብ ጥግ ነበር። ፕሮፌሰሩ በማጉያ መነጽር አዩት፤ ለእኔ ሰጡኝ። ምንም የለም፣ አባቴ። የስፌት ክር የምታህል የረጋ ደም የለችበትም። ኩላሊቱ ንጹሕ ነው፤ ሳንባውም ንጹሕ ነው።

ለሰው እስኪደርስ ገና ብዙ ሙከራ፣ ብዙ ዓመት አለው፤ ነገ ሰው ይድናል ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ከእንግዲህ ሌሎቹ የሚሠሩት በዚህ ቅርጽ ላይ ሆነው ነው። በሥዕሉ ግርጌ ላይም የሠራው ተብሎ የተጻፈው «ነፃነት ሞላልኝ» ነው። ፕሮፌሰሩ ሁለተኛውን ስም ማንበብ አቅቷቸው እኔ አስጠናኋቸው።

ልጅዎ ነፃነት


ቦሩ ሜዳ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ፤

ከእኔም፣ ከቤትሽም፣ ከደጀ ሰላሙም የሚወጣ ሰላምታ አንድ ላይ ታስሮ ይድረስሽ። አሁን አባትሽ የሠሩትን ስሚ፤ እኔ በዚህ አገር ቀልደኛ ነኝ ማለቴን ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ።

ደብዳቤሽን ይዤ ትናንት ወጣሁ። አባትሽን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ዛፉ ሥር አገኘኋቸው። አነበብኩላቸው። «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ደወሉ ሄዱ።

«አባቴ፣ ሰዓቱ እኮ አይደለም!» ብል ማን ሰምቶኝ! ገመዱን ይዘው ደወሉት። ደወሉት! ደወሉት!

እታለሜ፣ እንዲህ ያለ ደወል እዚህ የሚደወለው ቤት ሲቃጠል ነው። ሰው ከማሳው፣ ከወፍጮው፣ ከመንገዱ ጎረፈ። ዱላ የያዘ አለ፣ አካፋ የያዘ አለ፤ ሴቶቹ ባልዲ ይዘዋል። አያ ጋሹ ውሃ የሞላ ጄሪካን ተሸክሞ፣ አንድ ጫማው ወልቆ፣ ከሁሉም ኋላ እያለከለከ ደረሰ።

«ምንድን ነው? እሳት ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ተቀመጡ» አሉ አባትሽ። ለእኔ ደግሞ፦ «አንብብ።»

አነበብኩ። ያ ሁሉ ሰው፣ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ከአፌ የሚወጣውን ሲሰማ አንድ ሰው አልሳቀም። ክንፉ ሥር ስላለው ጥግ ሳነብ ሰዉ ትንፋሹን ይዞ ነበር። «ምንም የለም፣ አባቴ» የሚለው ላይ ስደርስ እትዬ አረጋሽ እልል አሉ። አንዷ «ኧረ ጾም ነው!» ብትላቸው «እግዜርም ይስማው!» ብለው ደገሙት።

አንብቤ ስጨርስ አያ ጋሹ ትንፋሹ ገና አልተመለሰለትም። «እና… ለዚህ ነው… ያስሮጡን፣ ቄስ?»

«ለዚህ ነው» አሉ አባትሽ። «እየተራመዳችሁ እስክትመጡ መጠበቅ አልቻልኩም።»

አያ ጋሹ ጄሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ላቡን ጠረገ። ተደላድሎ ተቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«በል እንግዲህ፣ ድገመው» አለኝ። «አሁን ግን ቀስ ብለህ።»

ወንድምሽ ሰማኸኝ